ወይ ፍንክች ያለው ቡሎን

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን ሰነበቱ። ሰሞኑን የመኪናዬ የኋላ ጎማ ተነፈሰና ስኮርታውን ልቀይር ብዬ ወረድኩ። ከአምስቱ ቡሎኖች አራቱ እንደምንም ፈቀቅ አሉልኝ፣ አምስተኛው ግን ወይ ፍንክች! በእጄ ሞከርኩ፣ በእግሬ ሞከርኩ፣ በመጨረሻ መፍቻው ላይ ወጥቼ ዘለልኩበት። መፍቻው ሸርተት አለና ጉልበቴን ላጠኝ። የቡሎኑ ጭንቅላትም ጠርዙ መበላት ጀምሯል። የላሉትን አራቱን መልሼ አጠበቅኩ፣ ጎማውን በፓምፕ ነፍቼ ቀስ ብዬ ቤት ገባሁ። አንዱ ጓደኛዬ በእሳት አሙቂው ይለኛል፣ ሌላው ዘይት አርከፍክፊበት ይላል። የማንን ልስማ? ቸርኬው አሉሚኒየም ነው።
ጉልበቷ የተላጠው

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ጉልበትሽ ብቻ ሆነ። የማንንም ከመስማትሽ በፊት ያንን መፍቻ አስቀምጪው። ጠርዙ መበላት የጀመረን ቡሎን በዚያው መፍቻ አንዴ እንኳ ደግመሽ ብትሞክሪው ክብ አድርገሽው ታርፊያለሽ። የእሳቱን ምክር ደግሞ እርሺው፣ ምክንያቱን እነግርሻለሁ።

መጀመሪያ ግን ጥፋተኛውን እንፈልግ። ሰው ሁሉ ዝገት ላይ ያላክካል፣ እኔ ግን ከዝገቱ በፊት የምጠረጥረው ጎማውን መጨረሻ ያሰረውን ሰው ነው። የአብዛኛው የቤት መኪና የጎማ ቡሎን የሚጠብቀው ከ90 እስከ 140 ኒውተን ሜትር (የመጠምዘዝ ኃይል መለኪያ ነው) ባለው ልክ ነው (የመኪናሽ ልክ አብሮት በመጣው መጽሐፍ ላይ አለ)። በንፋስ የሚሠራውን መፍቻ ይዞ ድርርርር የሚያደርገው ሰው የዚህን እጥፍ ቢያልፍም አይታወቀውም። እዚያ ላይ ዝናቡና የእጥበቱ ውሃ ይጨመርበታል። ብረትና አሉሚኒየም እርጥበት ካገናኛቸው ይበላላሉ፣ ቡሎኑ በሚያርፍበት ቀዳዳ ዙሪያ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካየሽ እሱ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ጎማው መሬት እንደረገጠ ይሁን፣ ክሪክ አታስገቢ። የእጅ ፍሬን ያዢ፣ ማርሽ አስገቢ፣ የፊት ጎማው ሥር ድንጋይ ወሽቂ። ከዚያ ብዙ ሰው የሚዘለውን ነገር አድርጊ፦ አራቱ ቡሎኖች በደንብ መጥበቃቸውን አረጋግጪ። እነሱ ከላሉ ቸርኬውን የያዘው ያ ግትሩ ቡሎን ብቻ ይሆናል፣ ሸክሙ ሁሉ እሱ ላይ ሲያርፍ ደግሞ ይብስበታል። መጀመሪያ አራቱን ፈታሽ፣ እሱን ለመጨረሻ አቆየሽው አይደል? አይዞሽ፣ ሁላችንም የምናደርገው ነው።

ዘይት ያለሽ ጓደኛ ግማሽ እውነት አለው። የሞተር ዘይት ሳይሆን ዝገት ማላቀቂያ ስፕሬይ ነው የሚያስፈልግሽ። ደብልዩ ዲ 40 ቤት ካለሽ ከምንም ይሻላል፣ ግን እሱ በፈረንጆቹ 1953 ሲሠራ የታሰበው ውሃ እንዲያባርር ነው፣ ለዝገት ተብሎ የተሠራው ይበልጠዋል። ያንቺ መኪና ቡሎን ነው ያለው እንጂ ዳዶ አይደለም፣ ስለዚህ ጥርሱ ከቸርኬው ጀርባ ሞዞው (ቸርኬው የሚታሰርበት እምብርት) ውስጥ ተቀብሯል። ስፕሬዩ የሚደርሰው ጭንቅላቱ ቸርኬው ላይ ወደሚቀመጥበት ቦታ ነው። ደግነቱ አሉሚኒየም ላይ ብዙ ጊዜ የሚይዘው እዚያው ነው። በሽቦ ብሩሽ ጠርገሽ ትንሽ ጠብ ጠብ አድርጊና አሳድሪው። አታርከፍክፊ! ከጀርባው ፍሬኑ አለ፣ ዘይት የነካው ፍሬን ደግሞ አይዝም።

ጠዋት ላይ መዶሻ ያዢና ጭንቅላቱን ቀጥ አድርገሽ ምቺው፣ አምስት ስድስት ጊዜ፣ ጠንከር አድርገሽ ግን ቸርኬውን ሳትነኪ። ዝገት መሰንጠቅ የሚጀምረው በዚህ ንዝረት ነው።

ከዚያ ቁልፉ። ቡሶላ (ቡሎኑ ጭንቅላት ላይ እንደ ቆብ የሚጠልቀውን መፍቻ) ፈልጊ፣ ውስጡ ባለ ስድስት ጎን የሆነውን። ባለ አሥራ ሁለት ጎኑ የሚይዘው ጠርዙን ብቻ ስለሆነ የተበላውን ይጨርሰዋል። ትክክለኛው ቁጥር (17 ወይም 19 ይሆናል) ልል ከሆነብሽ አንድ ቁጥር ያነሰውን በመዶሻ መትተሽ አስገቢበት። ቡሶላው ሊበላሽ ይችላል፣ ይበላሽ። ጨርሶ ክብ ለሆነ ቡሎን ደግሞ ውስጡ እንደ ጠመዝማዛ የተቀረጸ ማውጫ ቡሶላ አለ፣ በዞረ ቁጥር ብረቱን እየነከሰ የሚይዝ። አንድ ጊዜ የተጠቀመበት ሰው ሌላ ነገር አያምርህም ይላል።

መዝለሉን ተዪ። ከመኪናው ጋር የሚመጣው መፍቻ እጀታው 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ጫፉ ላይ ቢቆም የሚያገኘው 150 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው፣ ይኸውም ከልክ በላይ ለታሰረ ቡሎን ምንም ማለት ነው። እጀታው ላይ ቱቦ ሰክተሽ 75 ሳንቲ ሜትር ብታደርሺው ያው ክብደትሽ ሦስት እጥፍ ይሠራል። ያነሰሽ ጉልበት ሳይሆን የእጀታ ርዝመት ነው። እጀታው ወደ ግራ ተኝቶ፣ አንድ እጅሽ ቡሶላውን ወደ ቡሎኑ ደግፎ፣ በሌላው ቀስ እያልሽ ወደ ታች ተጫኚ።

ከመፍታትሽ በፊት ግን ትንሽዬ ወደ ማጥበቂያው አቅጣጫ ግፊው። ጸጉር ታህል ከተንቀሳቀሰ ዝገቱ ተላቋል ማለት ነው፣ ከዚያ ወደ መፍቻው አቅጣጫ ትመለሻለሽ። ጆሮሽንም እጅሽንም ስጪው። “ጧ!” ብሎ ከለቀቀ ደስ ይበልሽ፣ ያስደነግጣል እንጂ ጤነኛ ድምፅ ነው። ድምፅ ሳይኖረው እንደ ማስቲካ እየተለጠጠ የሚዞር ከመሰለሽ ግን አቁሚ። ቡሎኑ እየተጠማዘዘ ነው፣ ሊበጠስ ነው። ስፕሬይ ጨምሪ፣ አንድ ቀን ስጪው።

ቢበጠስስ? ያን ያህል የዓለም መጨረሻ አይደለም። ጭንቅላቱ ከሄደ ቸርኬውን የሚጫን ነገር የለም፣ አራቱን ፈትተሽ ጎማውን ታወጪያለሽ። ውጥረቱ ስለላላ ቀሪው ቁራጭ ብዙ ጊዜ በፒንሳ ይዞራል። ካልዞረ ትራፓኖ (መብሻ ማሽን) ይገባበታል፣ እሱን ግን ለባለሙያ ተዪለት።

እሳቱ ጋ ልመለስ። ጎማ የታሰረበትን ቸርኬ በእሳት ማሞቅ ሰው ገድሏል። ውስጡ ያለው ጎማ ከውጭ ምንም ሳይታይበት ይቃጠላል፣ ጋዝ ይፈጥራል፣ ከዚያ እንደ ቦምብ ነው የሚፈነዳው። ባይፈነዳ እንኳ የኩሽኔታው ግራሶ ይቀልጣል፣ የፍሬኑ ጎሚኒ ይቃጠላል፣ አሉሚኒየሙም ጥንካሬውን ያጣል። ጋራዥ ውስጥ ቡሎኑን ብቻ በኤሌክትሪክ የሚያሞቅ መሣሪያ ያላቸው አሉ፣ እነሱ ሌላ ናቸው።

የወጣውን ቡሎን ጣይው፣ አታድሽው። አዲስ ስትገዢ አሮጌውን ይዘሽ ሂጂ። የጥርሱ ዓይነትና ርዝመቱ ብቻ ሳይሆን ቸርኬው ላይ የሚቀመጠው ክፍል ቅርጽም አንድ መሆን አለበት፦ አንዳንዱ ሾጣጣ ነው፣ አንዳንዱ እንደ ኳስ ክብ። ከተሳሳተ የጠበቀ መስሎ በመንገድ ላይ ይላላል። አንዲት የቤት መኪና በዚህ ምክንያት ስትንገጫገጭ መጥታ ባለቤቱ ጎማ ሚዛን ነው ብሎ ድርቅ ሲል አይቻለሁ።

ጥርሱን ግራሶ ቀቢው የሚልሽም አይጠፋም። መጽሐፉ ካላዘዘ አትቀቢ። የተቀባ ጥርስ ስለሚንሸራተት በዚያው ልክ ስታጠብቂው ቡሎኑ ካሰብሽው በላይ ይወጠራል። ሞዞው ላይ፣ ቸርኬው በሚለጠፍበት ፊት፣ ስስ አድርገሽ ብትቀቢ ግን ጥሩ ነው። በኮከብ ቅርጽ እያፈራረቅሽ፣ በቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ልክ በሚለካ መፍቻ) እሰሪ፣ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከሄድሽ በኋላ ደግመሽ ፈትሺ።

ጥያቄ፦ የእኔ ደግሞ ቡሎኖቹ ሁሉ ወጡ፣ ጎማው ነው ሞዞው ላይ ተጣብቆ እምቢ ያለው። ክሪክ ላይ እንዳለ ብረግጠው ችግር አለው?
ቸኩያለሁ

መልስ፦ አለው እንጂ ወንድሜ! መኪናው ከክሪኩ ላይ ይወድቅብሃል። ቡሎኖቹን መልሰህ በእጅ እስከ መጨረሻው አስገባ፣ ከዚያ እያንዳንዱን አንድ ዙር ብቻ አላላ። መኪናውን አውርድ፣ ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ ሁለት ሦስት ሜትር ወደፊት፣ ሁለት ሦስት ሜትር ወደኋላ በእግር ፍጥነት እየሄድክ ፍሬን ያዝ። ጎማው ቀጭ ሲል ትሰማዋለህ። እዚያው ቁም፣ ክሪኩን አስገባ፣ ፍታው።