ጉሙ ከየት ይመጣል? ሙዚቃ ለሚቀርጹ ወጣቶች

ቤታችሁ ውስጥ በአንድ ላፕቶፕና በአንድ ሄድፎን ሚክስ የምታደርጉ (የቀዳችኋቸውን ድምፆች የምታዋህዱ) ልጆች፣ ጊታሩን ሪቨርብ (ድምፁ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ እንዳለ እንዲያስተጋባ የሚያደርገው ኢፌክት) ውስጥ ነክራችሁ «አሁን ድባብ አገኘ» ማለት ትወዳላችሁ። ያ ጉም የመሰለ ድባብ ግን ከዚያ አይመጣም። ካላመናችሁ የጀርመኑ ባንድ ደር ቬግ አይነር ፍራይሃይት እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣውን «ኖክቱርን» ከፍታችሁ ስሙ።

ባንዱ በ2009 የተመሠረተው በባቫሪያዋ ከተማ በቩርዝቡርግ ነው። ጊታር የሚመታውና የሚጮኸው ኒኪታ ካምፕራድ የድምፅ ባለሙያም ነው፤ ያ ደግሞ ከሥራው ያስታውቃል። የአልበሙ ስም ሾፓን በፒያኖ ያነገሠውን የሌሊት ድርሰት ያስታውሳል። ክፍሎቹ 7 ናቸው፣ ግጥሙም በአብዛኛው በጀርመንኛ ነው። ባንዱ የሚጫወተውን ብላክ ሜታል፣ ማለትም ጩኸትና ፈጣን ጊታር የበዛበትን የሜታል ዓይነት፣ ያልለመደ ጆሮ መጀመሪያ የሚሰማው አንድ ወጥ የጩኸት ግድግዳ ነው። ያኔ ድምፁን አትጨምሩ፣ ቀንሱት። ሰው በአጠገባችሁ ሲያወራ የሚሰማችሁን ያህል ሲሆን ሲምባሉ (ከከበሮዎቹ ጋር የሚመታው የብረት ሳህን) ወደ ኋላ ይሸሽና ከሥሩ ዘገም ያለ ዜማ ብቅ ይላል። እጁ ይፈጥናል እንጂ ዜማው አይቸኩልም።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። በደቂቃ 200 ምት በሚሄድ ሙዚቃ አንድ ምት 0.3 ሰከንድ ነው። ጊታሪስቱ በእያንዳንዱ ምት ውስጥ ክሩን 4 ጊዜ ሲመታ በሁለት የክር ምቶች መካከል ያለው ጊዜ 75 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ይሆናል፤ በሰከንድ ከ13 በላይ የክር ምት ማለት ነው። እዚህ ላይ 2 ሰከንድ የሚቆይ ሪቨርብ ብትጨምሩ አዲሱ ምት የሚወድቀው ገና ባልሞቱ 26 ምቶች ጅራት ላይ ነው። ጉም ሳይሆን ጭቃ ይሆናል። ፈጣኑን ጊታር ደረቅ አድርጋችሁ ተዉት። ሪቨርቡን ከላይ ለሚሄደው ረጅም ዜማ ስጡት፤ ለብቻው ቻናል ክፈቱለትና ከ300 ኸርዝ በታች ያለውን ቁረጡ።

ጌይን ላይም፣ ማለትም የጊታሩን ድምፅ የሚያሻክረው መጠን ላይም፣ ያው ስህተት አለ። ጊታሩን ለብቻው ስትሰሙ የሚያስደስታችሁ መጠን ለሚክሱ ይበዛል፤ ሩቡን ያህል ቀንሱ። ዲስቶርሽን (ጌይን ሲበዛ የሚመጣው የድምፅ መሻከር) በባሕርይው ድምፁን ይጨፈልቀዋል፣ የፒኩ ጫፍ ክሩን ሲነካ የሚሰጠውን «ጠቅ» ይውጠዋል። ያ ጠቅታ ከሌለ በሰከንድ 13 ምት የሚሰማው እንደ ውኃ ቧንቧ ፉጨት ነው። ፒኩ 1 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ወፍራም ይሁን፤ እጅ ከአንጓው ይንቀሳቀስ እንጂ ከክርን አይነሣ። ሁለት ጊዜ ተጫውታችሁ ቅዱት፣ አንዱን ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ፣ ሌላውን ወደ ቀኝ። አንዱን ቀረጻ ኮፒ አድርጎ ግራና ቀኝ ማስቀመጥ ግን ዋጋ የለውም፤ ሁለቱ አንድ ስለሆኑ ድምፁ መሃል ላይ ይቀመጣል፣ ይጮኻል እንጂ አይሰፋም።

በነገራችን ላይ የዲስቶርሽን ምሥጢር ለእኛ ጆሮ እንግዳ መሆን አልነበረበትም። የበገናን ድምፅ እንዲነዝር የሚያደርጉት በክሩና በድልድዩ መካከል የሚገቡት የቆዳ ቁራጮች አይደሉም? እነሱን ብታወጡ ክሩ ይሰማል፣ በገናው ግን የለም።

ከበሮው ነው ብዙ ሰው የሚወድቅበት። በብላስት ቢት (የብላክ ሜታል እጅግ ፈጣን የከበሮ አመታት) ፍጥነት እጅ ከፍ ብሎ ለመምታት ጊዜ ስለማይኖረው ስኔሩ፣ ሹል ድምፅ የሚሰጠው ከበሮ፣ ይደክማል። ሰነፉ መድኃኒት እያንዳንዱን ምት በአንድ ሳምፕል፣ አስቀድሞ በተቀዳ የከበሮ ድምፅ፣ መተካት ነው፤ ውጤቱ እንደ መትረየስ ይሆናል። ሳምፕሉን ከእውነተኛው ስኔር በታች ቀላቅሉት፣ ቢያንስ 4 የተለያዩ ምቶች ያሉት ይሁን። ከዚያ በፊት ግን ከበሮው ላይ የተንጠለጠሉትን ሁለት ማይክሮፎኖች ለኩ። ገመድ ያዙና አንዱን ጫፍ ስኔሩ መሃል ላይ አስይዙ፤ ሁለቱም ማይኮች እኩል መራቅ አለባቸው። የ10 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ሁለቱ ሲደመሩ 1,700 ኸርዝ አካባቢ እርስ በርስ እንዲጠፋፉ ያደርጋል፤ የስኔሩ ስንጥቅታ ያለበት አካባቢ ማለት ነው። ይህን ኢኪው (ወፍራምና ቀጭን ድምፆችን ከፍና ዝቅ ማድረጊያው) አይመልሰውም።

ስለ ጩኸቱ አጭር ነገር፦ ጉሮሮ ካመመ አቁሙ። ሲያም እየጮኹ ይለመዳል የሚል ካለ አትስሙት።

ይህ የሙዚቃ ዓይነት በዳር በኩል ከናዚ አስተሳሰብ ጋር የተለጠፉ ባንዶች እንዳሉበትም እወቁ። ቲሸርት ከመግዛታችሁ በፊት አርማውንና አሳታሚውን አጣሩ፤ ጀርመን ውስጥ የናዚ ምልክት በአደባባይ ማሳየት በወንጀል ያስጠይቃል።

የመጨረሻው ሥራ ማስተሪንግ፣ ያለቀውን ሚክስ ለመልቀቅ ማዘጋጀት፣ ነው። «ኖክቱርን» ውስጥ ጸጥ ያሉት ቦታዎች በእውነት ጸጥ ስለሚሉ ነው ማዕበሉ ማዕበል የሚሆነው። ሁሉንም በሊሚተር (የድምፁን ጫፍ በሚገድበው መሣሪያ) እስከ -6 ላፍስ (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ብትገፉት ስፖቲፋይ በራሱ ጊዜ ወደ -14 አካባቢ ያወርደዋል። 8 ዲሲቤል ከእጃችሁ ይሄዳል፣ ጸጥታውም ተጨፍልቆ ይቀራል። ሚክሳችሁን ከዚህ አልበም ጎን ስታስቀምጡ በመጀመሪያ ሁለቱን እኩል ድምፅ ላይ አድርጉ፤ ከዚያ የራሳችሁን ሪቨርብ በሙሉ ዝጉና አጫውቱት።