ጠርሙሱን ከመክፈታችሁ በፊት ቅጠሉን ቅመሱ

ልጆቼ፣

ባር ላይ ሥራ የጀመራችሁ ብዙዎቻችሁ ስለ ኮክቴል ስትጠይቁኝ የምትጀምሩት ከአልኮሉ ነው። የቱ ጂን ይሻላል? የቱ ቮድካ? እኔ ደግሞ ሁሌም ወደ ጓሮ ነው የምልካችሁ። ቅጠሉን ቀንጥሱት፣ አሽታችሁ አሽትቱት፣ ቅመሱት። ጂኑ የትም አይሄድም።

በሶብላን ውሰዱ። ሽሮና በርበሬ ውስጥ ደርቆ ስለለመድነው እርጥቡን ለመጠጥ የሚያስበው ጥቂት ሰው ነው። ጀርመን አገር ሃምቡርግ ውስጥ ግን ዮርግ ማየር የተባለ ባርማን እ.ኤ.አ. በ2008 ጂን፣ ሎሚ፣ ሽሮፕና እፍኝ ሙሉ የባሲል ቅጠል አዋህዶ አንድ መጠጥ አወጣ። ዛሬ በብዙ አገር ይሠራል። የእኛ በሶብላ የባሲል ዘመድ ነው፤ ሽታው ግን ይበረታል። አምስት ስድስት ቅጠል ይበቃችኋል።

እኔ ኪያር እጨምርበታለሁ። አራት ስስ ቁራጭ ሼከር ውስጥ፣ መጠጥ የሚመታበት ባለ ክዳን ዕቃ ውስጥ ማለቴ ነው፣ ክተቱ። ስኳርና ውሃ እኩል ለክታችሁ አፍልታችሁ ካቀዘቀዛችሁት ሽሮፕ 20 ሚሊ ሊትር፣ ያኔውኑ ከተጨመቀ ሎሚ 25 ሚሊ ሊትር ጨምሩ። ኪያሩን ውሃው እስኪወጣ በደንብ ጨፍልቁት። በሶብላው የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው፤ እሱን ጫን ጫን ብቻ አድርጉት። እዚህ ላይ ነው የምትቸኩሉት። የቅጠል ሽታ ያለው ላዩ ላይ ስለሆነ ትንሽ ሲነካ ይለቃል። ከደቀቀ ግን ምሬቱ ይወጣና መጠጡ ሣር ሣር ይላል። ናናም እንዲሁ ነው።

አሁን በማንኪያ ቅመሱት። ገና ጂን አልገባበትም። ሎሚው ከስኳሩ ጋር ተስማምቷል? በሶብላው ይሰማል? ካልሆነ እዚሁ አስተካክሉት። በአልኮል የሚሸፈን ጉድለት የለም፤ ደንበኛው ሁለተኛ ጉንጭ ላይ ያውቀዋል። ሲጥማችሁ ጂን 50 ሚሊ ሊትር ጨምራችሁ፣ ሼከሩን በበረዶ ሞልታችሁ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ምቱት። በቀጭን ወንፊት አጥልላችሁ ቅዱ።

ስለ ንጽህና ግን አጥብቄ ነው የምናገረው። ከአዲስ አበባ ጎመንና ሰላጣ በአቃቂ ወንዝ ዳር፣ በቆሸሸ ውሃ የሚለማ እንዳለ ታውቃላችሁ። ቅጠሉን አንድ በአንድ በንጹህ ውሃ እጠቡ። ጤና አዳምን ለቡና ብንወደውም ለነፍሰ ጡር በምንም መልኩ አታቅርቡ። ጭማቂው ቆዳ ላይ ቀርቶ ፀሐይ ካገኘው ያቃጥላል፤ ስትቆርጡት እጃችሁን ታጠቡ። አበባው አማረ ብላችሁም የማታውቁትን ብርጭቆ ላይ አትሰኩ። አስተናግር በየአጥሩ ሥር ይበቅላል፣ መርዝ ነው።

ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል መሸጥ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ተከልክሏል። መኪና የሚነዳም፣ በሃይማኖቱ የማይጠጣም እናንተ ጋ ይመጣል። ለስላሳ ከፍታችሁ አትሸኙት። ያንኑ ኪያርና በሶብላ ሥሩለት፤ በጂኑ ፋንታ አምቦ ውሃ ይሁን። ብቻ አምቦውን ሼከር ውስጥ እንዳትመቱት፣ ጋዙ ክዳኑን ይገፋዋል። የቀረውን መትታችሁና አጥልላችሁ ስታበቁ ብርጭቆው ላይ ጨምሩት።