መጀመሪያ ሚስቱን ገዛ

ልጆቼ፣

38 ዓመት የሰው ሂሳብ ስመረምር ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። ከናንተ የሚመጣልኝ ጥያቄ ግን ዛሬም ያው ነው፤ «ጋሼ፣ የመጀመሪያ ገንዘቤን ምን ላድርግበት?» አንዱን መኪና ያምረዋል፣ አንዷ ኮንዶሚኒየም ታስባለች፣ ሌላው ዕቁቡ ሲወጣለት ሱቅ ሊከፍት አቅዷል። እንዲህ አድርጉ ብዬ ከምፈርድ አንድ የቆየ መዝገብ ላስነብባችሁ። የሂሳብ ሰው ድምሩን የሚያየው መጨረሻ ላይ ነው። ቀድሞ የሚያየው ገንዘቡ በምን ተራ እንደወጣ ነው።

ባለፈው ሰኔ ልጄን ልጠይቅ አሜሪካ ሄጄ ሳለ ኢሊኖይ ውስጥ፣ ባሪ ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ወዳለ ሜዳ እንዲወስደኝ ለመንኩት። መኪናውን አቁሞ ዙሪያውን ቃኘና «አባዬ፣ ከተማው የታለ?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ያለው ሣር ነው። በሣሩ መሃል የእግር መንገድ፣ እዚህም እዚያም የማብራሪያ ሰሌዳ፣ ከዚያ ወዲያ እርሻ። ኒው ፊላደልፊያ ትባል ነበር። በ1836 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ቆጠራ ነው የምጽፈው) 42 ኤከር መሬት አስለክቶ፣ በ144 ቦታ ሸንሽኖ፣ በካውንቲው መዝገብ ያስገባት ፍራንክ ማክዎርተር የተባለ ጥቁር ሰው ነው። አሜሪካ ውስጥ ጥቁር ሰው ቀይሶ በሕግ ያስመዘገባት የመጀመሪያዋ ከተማ እሷ ናት። እሱ ይህን ሲያደርግ ከልጆቹም ከልጅ ልጆቹም ገና ኬንታኪ ውስጥ በባርነት የተያዙ ነበሩ።

በኛ አገር ሰው ሲተዋወቅ «የማን ልጅ ነህ?» ይባላል፣ ዘር እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። የፍራንክ ቆጠራ እናቱ ላይ ያበቃል። ጁዳ ትባላለች፤ ከምዕራብ አፍሪካ በመርከብ ተጭና ሳውዝ ካሮላይና ውስጥ ባሪያ የሆነች ሴት ናት። ከጁዳ በላይ ያለውን ባሕሩ ዋጠው። በአባቱ በኩል ደግሞ፣ ቤተሰቡ ሲያወራው እንደኖረ፣ አባቱ የእናቱ ጌታ ጆርጅ ማክዎርተር ነው። በ1777 ሲወለድ የገዛ አባቱ ባሪያ ሆኖ ተወለደ ማለት ነው። በ1795 ጌታው ወደ ኬንታኪ፣ ፑላስኪ ካውንቲ ሲዛወር ይዞት ሄደ። ጫካ መመንጠሩም እርሻ ማቅናቱም የፍራንክ ዕዳ ሆነ። እዚያ በ1799 ሉሲን አገባ። ሉሲ የጎረቤት ባሪያ ናት። ጋብቻቸውን ሕግ አያውቀውም። የሚወልዷቸው ልጆች ደግሞ የሉሲ ጌታ ንብረት ናቸው፤ ሕጉ ልጅ የእናቱን ዕጣ ይከተላል ነው የሚለው። ይህችን አንቀጽ ያዙልኝ።

ገንዘቡን ከየት አመጣው? ጌታው ጊዜውን እንዲያከራይ ፈቀደለት። ይኸውም የተቆረጠ ገንዘብ ለጌታው ይከፍልና የተረፈችው ለሱ ትሆናለች። ሌላው ሲተኛ እሱ ወደ ሳልትፒተር ሥራው ይሄዳል። የኬንታኪ ዋሻዎች አፈር ይህን ማዕድን ይሰጣል። አፈሩን በእንጨት ገንዳ ይሞሉና ውኃ ያሳልፉበታል፤ ያጠለለውን ከእንጨት አመድ ከወጣ ውኃ ጋር ያዋህዱታል፤ በትልቅ ብረት ድስት ያፈሉታል፤ ሲቀዘቅዝ እንደ ነጭ መርፌ ያለ ፍሬ ይጥላል። ባሩድ የሚሠራው ከዚያ ነው። በ1812 ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ሲነሣ ገበያው ደራ። ልብ በሉ፣ ባሪያ ንብረት የለውም ይላል ሕጉ። ጌታው ቢያሰኘው አንድ ማለዳ ተነሥቶ ጠቅላላውን መውሰድ ይችል ነበር። ዋስትና የሌለው ሂሳብ በሥራዬ ብዙ አይቻለሁ፤ እንደዚህ ያለ ግን አላጋጠመኝም።

በ1817 የከፈለው 800 ዶላር ነው። ይህን ያነበብኩ ቀን መነጽሬን አውልቄ ትንሽ ቆየሁ። እናንተን ብጠይቅ አብዛኞቻችሁ «ራሱን ይግዛ፤ ነፃ ሲወጣ ገቢው ሙሉ የሱ ይሆናል፤ ከዚያ ቶሎ ሠርቶ እሷን ያወጣታል» ትላላችሁ። እኔም በሃያዎቹ ዕድሜዬ የምለው ይህንኑ ነበር፤ ስሌቱም አይከፋም። ፍራንክ ግን ሉሲን ገዛ። ሉሲ ነፍሰ ጡር ነበረች። አንቀጿን አልረሳችሁም አይደል? በዚያው ዓመት የተወለደው ስኩዋየር ከማኅፀን ነፃ ሆኖ ወጣ። ከሱ በኋላ የመጡትም እንደሱ። ፍራንክ ሌላ 800 ዶላር እስኪሞላ ሁለት ዓመት ባሪያ ሆኖ ቆየ፤ የነፃ ሴት ባል፣ የነፃ ልጅ አባት። የራሱን የከፈለው በ1819 ነው። ከዚያ በኋላ «ነፃው ፍራንክ» ተባለ።

በ1829 ደግሞ ከዚህ የባሰ አደረገ። በስሙ የሚጠራው ልጁ ፍራንክ ወደ ካናዳ ኮብልሎ ነበር፤ ያለ ነፃነት ወረቀት ወደ ቤቱ መመለስ አይችልም። አባትየው የሳልትፒተር ሥራውን እንዳለ አስረክቦ የልጁን ነፃነት ወሰደ። እኛ የሂሳብ ሰዎች ዋናውን ካፒታል አትንኩ ብለን ነው የምናስተምረው። እሱ የምትታለበውን ላም ከነጥጃዋ ሰጠ። በሚቀጥለው ዓመት ጓዙን ጠቅልሎ ተነሣና በ1831 ኢሊኖይ፣ ፓይክ ካውንቲ ገባ፤ ዕድሜው ከሃምሳ አልፎ ነበር። ከሚሲሲፒ ወንዝ ማዶ፣ ሚዙሪ ውስጥ፣ ሃኒባል ላይ ያን ጊዜ ሰው ይሸጣል።

አንድ ስሌት ብቻ ላሳያችሁ። በ1835 ልጁን ሶሎሞንን በ550 ዶላር ገዛው። ያን ጊዜ መንግሥት መሬት የሚሸጠው ኤከሩን በ1 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነው። በ550 ዶላር 440 ኤከር ይገኝ ነበር፤ በአያቶቻችን ልክ ከአራት ጋሻ በላይ መሬት። ከተማዋን የቀየሰውም ቦታ እየሸጠ የቀሩትን ዘመዶቹን ሊያወጣበት ነው። ጎረቤቶቹ መሬት በመሬት ላይ ሲጨምሩ የሱ መዝገብ ላይ ሰው ይጨመራል።

ከናንተ አንዱ «ለምን ለሌባ ይከፍላል? ልጁ የራሱ ነው» እንደሚለኝ አውቃለሁ። ትክክል ነህ። እኔም እከፍላለሁ ብዬ አልምልም። ግን ኬንታኪ ያለችው ልጅ ክርክራችን እስኪያልቅ አትጠብቅም። ደግሞም ቤተሰቡ ሲያወርሰው በመጣው ታሪክ፣ ልጆቹ የኮበለሉ ባሮችን ወደ ካናዳ ያደርሱ ነበር። ስለዚህ ነገሩን በመክፈል ብቻ አልተዉትም።

ስለ ስም ሳላነሣ አላልፍም፤ በዚህ ተቃጥያለሁና። አንድ መሥሪያ ቤት በአንዱ ወረቀቴ አያቴን በ«ኃ»፣ በሌላው በ«ሀ» ጽፎ ሰባት ወር አመላልሶኛል። የተከራከርነው ሲነበብ አንድ ስለሚሆን ፊደል ነበር። በ1837 የኢሊኖይ ምክር ቤት ለፍራንክ ብቻ ሕግ አወጣ፤ ፍራንክ ማክዎርተር ተብሎ እንዲጠራ፣ በዚያ ስም እንዲገዛና እንዲሸጥ፣ እንዲከስና እንዲከሰስ። የቤተሰብ ስም የሌለው ሰው ውሉን ማን ያከብርለታል? የጌታው ስም በእንግሊዝኛ ሲጻፍ አንዲት ተጨማሪ ፊደል አላት። የፍራንክ እሷን ጥሏታል።

ከተማዋ በእግሯ ቆመች። አንጥረኛ፣ ጫማ ሰፊ፣ አናጢ፣ ሱቅ ነበራት፤ ጥቁርና ነጭ አጥር ለአጥር ይኖርባት ነበር። በ1865 ወደ 160 ሰው ደረሰች። በ1869 የተዘረጋው ባቡር ግን በሰሜን በኩል አልፏት ሄደ። ጣቢያ የሌላት ከተማ ነጋዴ አይቀመጥባትም። በ1885 አብዛኛው ቦታ ከከተማነት መዝገብ ተሰርዞ ተመልሶ እርሻ ሆነ። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የሥነ ቁፋሮ ተማሪዎች መጥተው ሚስማር፣ አዝራር፣ የሰሃን ስብርባሪ ከአፈሩ አወጡ። በ2009 ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስ ተባለች፣ በ2022 መጨረሻ ደግሞ በብሔራዊ ፓርኮች አስተዳደር ሥር ገባች።

ፍራንክ ያረፈው በ1854 ነው፤ መግዛቱን ግን ሞቱ አላቆመውም። ገና ያልወጡት የልጅ ልጆቹ በውርስ ገንዘቡ እንዲገዙ ተናዞ ነበር፣ ወራሾቹም ገዙ። ሉሲ ባርነት በሕግ ሲቀር በሕይወት ነበረች፤ በ1870 አረፈች። በጠቅላላው 16 ያህል ሰው፣ ወደ 14,000 ዶላር።

ወደ መኪናው ስንመለስ ይህን ለልጄ ነገርኩት። ስልኩን አውጥቶ አካፈለና «በአማካይ 875 ዶላር» አለኝ። ዕድሜዬን አማካይ ሳወጣ የኖርኩ ሰው ነኝ። «ይቺን ተዋት» አልኩት፤ መኪናውን አስነሣ።