«ፀረ መድፍ» ወይስ «መድፍ ጠቋሚ» ራዳር?

ጥያቄ፦ ስለ ጦር መሣሪያ የተጻፈ መጽሐፍ እየተረጐምሁ ነው። የጠላት መድፍ ከየት እንደሚተኩስ የሚያሳውቀውን፣ በተሽከርካሪ የሚጓዘውን ራዳር አንዳንዱ «ተንቀሳቃሽ ፀረ መድፍ ራዳር»፣ ሌላው «መድፍ ጠቋሚ ራዳር» ይለዋል። የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ ያለ ማመንታት «መድፍ ጠቋሚ» እላለሁ። «ፀረ» በየቦታው ስትደነቀር ማየት ዘወትር ያሳስበኛልና ጥያቄዎ ደስ አሰኝቶኛል።

«ፀር» በግእዝ ጠላት፣ ባላንጣ ነው፤ ብዙው «አፅራር»። ሲናበብ «ፀረ» ይሆናል። የሚጻፈውም በፀሐዩ «ፀ» ነው፤ «ጐዳ» ማለት የሆነው የዐረብኛ ዘመዱ የ«ፀ» አቻ በሆነው፣ ዷድ በተባለው የዐረብኛ ፊደል መጀመሩ ምስክር ነው። «ፀረ ታንክ» ታንኩን ይመታል፤ «ፀረ አውሮፕላን» አውሮፕላኑን ያወርዳል። ይህ ራዳር ግን መድፉን አይነካም። እንዲያውም አያየውም! መድፉ ከኮረብታ ጀርባ ተሸሽጎ ይተኩሳል፤ ራዳሩ የሚይዘው ወደ ሰማይ የወጣውን ቅምቡላ ነው። ለጥቂት ሰከንድ ይከተለውና መንገዱን ወደ ኋላ አስልቶ የተተኰሰበትን፣ ወደ ፊት አስልቶ ደግሞ የሚወድቅበትን ቦታ ይናገራል። መምታቱ የወገን መድፈኛ ሥራ ነው።

ዓላማው የጠላትን መድፍ ዝም ማሰኘት ስለሆነ «ፀረ» ይገባዋል የሚሉ አሉ። በዚህ ስሌት የአዛዡም የጦር መነጽር «ፀረ ምሽግ» ሊባል ነው። «መድፍ» የመጣው «ደፋ» ከሚለው ግስ ነው፣ ጠላትን ስለሚደፋ፣ ሲባልም እሰማለሁ። አማርኛ ከ«ሰፋ» «መስፊያ» እንደሚያወጣ ከ«ደፋ» የሚያወጣው «መድፊያ» ነው። «መድፍ» የዐረብኛው «ሚድፈዕ» ነው፤ ሥሩ መግፋት ነው፤ የመጨረሻዋ «ዐ» በመንገድ ቀረች። «ቅምቡላ»ም ከዚያው የመጣች «ቁንቡላ» ናት፤ «ን» ከ«ብ» ፊት ስትቆም «ም» ሆነች።

«ተንቀሳቃሽ» የሚለውም አያረካኝም፤ እየሄደ የሚሠራ ያስመስለዋል። በተጎታች ላይ የሚጫነውን የአሜሪካውን ቲፒኪው-36 ብንወስድ፣ ቆሞ ነው የሚሠራው። ቶሎ ተነሥቶ መሄድ ያለበትም የሚረጨው ሞገድ ያለበትን ቦታ ለጠላት ስለሚያሳብቅ ነው። ስለዚህ «ተጓጓዥ» ይቀርበዋል። ይሁንና በ«ተንቀሳቃሽ ስልክ» የለመደ ጆሮ በ«ተንቀሳቃሽ ራዳር» አይደነግጥም። «ፀረ»ም «ፀረ ስለላ»ና «ፀረ ቫይረስ» ከተባለ ወዲህ መከላከልን ሁሉ ወደ ማቀፍ ሄዳለች፤ ቅር እያለኝም ቢሆን «ፀረ መድፍ ራዳር» ስሕተት ነው ብዬ አልፈርድም። እኔ ግን አልጽፈውም።

ምርጫዬን ከተቀበሉ ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። «የመድፍ ጠቋሚ» አይበሉ፤ በመድፉ ላይ የተገጠመ ማነጣጠሪያ ይመስላል። «ተጓጓዥ»ንም ከፊት ካስቀደሙት ተጓጓዡ መድፉ ይሆናል። «መድፍ ጠቋሚ ተጓጓዥ ራዳር» ይበሉ።