ከቃለ መጠይቁ በኋላ ዝም ሲሉ

ጥያቄ፦ በአንድ ትልቅ ድርጅት ለሒሳብ ሠራተኛነት ቀርቤ ነበር። ሁለት ሰዓት አስጠብቀው አምስት ፈታኞች በአሥር ደቂቃ ሸኙኝ፤ ቀና ብሎ ያየኝ የለም። ባንክ ሪኮንሲሌሽን (የድርጅቱን መዝገብ ከባንኩ መግለጫ ጋር ማስታረቅ) ላይ ተደነቃቀፍኩ። «ለማግባት አስበሻል?» ተብያለሁ። ወር ሆነኝ፣ ድምፃቸው የለም። ምን ላድርግ?
አንባቢ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ቀና ብለው አለማየታቸው ብቻውን ክፉ ምልክት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ፈታኞች በቅጽ ላይ ነጥብ እየሞሉ ነው። የጋብቻው ጥያቄ ግን ፈጽሞ ተገቢ አልነበረም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሴቶችን በቅጥር በፆታቸው ምክንያት መለየትን ይከለክላል። ዳግም ከገጠመሽ «በሥራ ሰዓቱ ለመገኘት ዝግጁ ነኝ» ብለሽ ወሬውን ወደ ሥራው መልሺው።

አሁን ለሰው ሀብት ክፍሉ አጭር ኢሜይል ላኪ። የሥራ መደቡን፣ የማስታወቂያውን ቁጥርና የተፈተንሽበትን ቀን ጠቅሰሽ ውጤቱ ተወስኖ እንደሆነ ጠይቂ፤ አትማጸኚ። መልሱን እየጠበቅሽ ሌላ ቦታ ማመልከትሽን አታቋርጪ።

ሪኮንሲሌሽኑን በደንብ ያዢው፦ ባንኩ ገና ያልመዘገበው ተቀማጭ በባንኩ መግለጫ ባላንስ ላይ ይደመራል፣ ለባንኩ ያልቀረበ ቼክ ይቀነሳል። የባንክ አገልግሎት ክፍያ ግን የሚቀነሰው ከድርጅቱ መዝገብ ነው፤ ተፈታኞች የሚምታታባቸው እዚህ ላይ ነው። የማስተካከያ ጆርናል (ልዩነቱን የሚያስተካክል የሒሳብ ምዝገባ) የሚሠራውም ለድርጅቱ ወገን ብቻ ነው።