ካውያውን ከሶኬቱ ንቀይ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ሥራዬ አዛውንቶችን ቤታቸው ድረስ እየሄድኩ መንከባከብ ነው። ሁለት ዓመት የረዳኋቸው የ84 ዓመት አባት ባለፈው ወር አንድ የጫማ ካርቶን አውጥተው «ለልጅሽ ስጪው» አሉኝ። ውስጡ በላስቲክ የታሰሩ የድሮ የቤዝቦል ካርዶች አሉ፤ ስልሳ ያህል ይሆናሉ። ልጄ ከመሀል አንዱን መዞ ጮኸ። ሚኪ ማንትል የሚባል ዝነኛ ተጫዋች፣ 1952፣ ቁጥር 311። «12 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል» ብሎ ሌሊቱን አላስተኛንም። ግን የካርዱ አንድ ጥግ ታጥፏል። ጎኑን ላስቲክ ሰርጉዶታል፣ ጀርባው ላይም ሙጫ አለ። የባለቤቴ ወንድም «ፎጣ አልብሰን ለብ ባለ ካውያ እንተኩሰው፣ ይቃናል» ይላል። ምን ይሻለኛል?
ት.

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ካውያውን ከሶኬቱ ንቀይ። ሌላውን ቀስ ብለን እናወራለን።

ልጅሽ አልዋሸም። በኦገስት 2022 አንድ የ1952 ማንትል በሄሪቴጅ ጨረታ 12.6 ሚሊዮን ዶላር አውጥቷል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው።) ሻጩ በ1991 የገዛው በ50 ሺህ ዶላር ነበር። ግን ያ ካርድ የሰው እጅ እምብዛም ሳይነካው የኖረ ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ ቦስተን አካባቢ ከተገኘ ክምችት የወጣ ሲሆን ኤስጂሲ የተባለው፣ የካርድን ይዞታ መርምሮ ደረጃ የሚሰጥ ድርጅት ከ10 9.5 ሰጥቶታል። ያንቺውና ያኛው ሞክሼ ናቸው። ኑሯቸው ግን ለየቅል ነው።

ብዙ ሰው «ብርቅ ስለሆነ ነው የተወደደው» ይላል። ነገሩ ትንሽ ይጠማዘዛል። ካርዱን ያወጣው ቶፕስ ብሩክሊን ውስጥ ማስቲካ የሚሸጥ ኩባንያ ነበር፤ ካርዱ የማስቲካው ማሻሻጫ ነው። የ1952ቱ 407 ካርዶች በየተራ ነበር የወጡት። ከ311 እስከ 407 ያሉት ገበያ የደረሱት የቤዝቦሉ ወቅት ሊያልቅ ሲል ነው። የልጆቹ ልብ ወደ አሜሪካን ፉትቦል ሄዷል፣ ባለሱቁም አልፈልግም አለ። የተረፈው ዓመታት መጋዘን አጣቦ ከረመ። በ1960 ካርዱን ከነደፉት አንዱ ሳይ በርገር በጭነት ጀልባ አስጭኖ አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ አስደፋው። ይህን ራሱ በርገር ነው ሲያወራ የኖረው። ዛሬ አንዷ ቤት የምትገዛ ወረቀት፣ ያኔ ለዓሣ ተጣለች።

ሆኖም ማንትል ከነዚያ ካርዶች መሀል በቁጥር ትንሹ አይደለም። እሱ፣ ጃኪ ሮቢንሰንና ቦቢ ቶምሰን በማተሚያው ገጽ ላይ ሁለት ሁለት ጊዜ ገብተዋል፤ ማለትም ከሌሎቹ በእጥፍ ታትመዋል። የመጀመሪያ ካርዱም አይደለም፤ ቦውማን የተባለው ኩባንያ በ1951 ቀድሞ አውጥቶታል። ሌላው ደረጃ ሰጪ ፒኤስኤ ብቻውን ከአንድ ሺህ በላይ የ1952 ማንትል መርምሯል። ከነዚያ ሁሉ 10 ያገኙት ስንት መሰሉሽ? ሦስት።

እንዴት ሦስት ብቻ ካልሽ፣ ያንን የሰረጎደ ጎን እዪው። የዚያን ጊዜ ልጆች ካርድ እንደኛ ቆርኪ ነበር የሚጫወቱበት። ግድግዳ ላይ ይወረውሩታል፣ የብስክሌት ጎማ ውስጥ ሰክተው ያንጫጩታል፣ ማታ ደግሞ በቁጥር ደርድረው በላስቲክ ያስሩታል። ቁጥር 1 አንዲ ፓፍኮ የሚባል ተጫዋች ነው። ያን ያህል ዝነኛ አልነበረም፣ ግን ሁልጊዜ ከላይ ነው። ላስቲኩም ላቡም ቡናውም የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ስለዚህ ንጹሕ ፓፍኮ ማግኘት ጭንቅ ሆነ። በ1998 ባለ 10 የሆነ አንድ ፓፍኮ ከ80 ሺህ ዶላር በላይ ተሸጧል። እኔ ይህን ገበያ የገባኝ በማንትል ሳይሆን በፓፍኮ ነው።

አሁን ወደ ያንቺ። ከሁሉ በፊት ማስመሪያ አምጪ። የ1952 ቶፕስ 6.7 በ9.5 ሴንቲሜትር ያህል ነው። 6.4 በ8.9 ከሆነ ተስፋ አታብዢ፤ ቶፕስ ራሱ በ1983 ያንኑ ካርድ በዚህ ልክ ደግሞ አትሞታል፣ ጀርባው ላይም ድጋሚ ህትመት መሆኑን ጽፏል። ማርትሬዛ ብርን አስቢ። የትኛውም ዓመት ይመታ፣ ፊቱ ላይ 1780 ነው የሚለው። ካርድም ላይ የተጻፈ ዓመት እንደዚያው ነው፣ ብቻውን ምስክር አይሆንም።

ልኩ ከመጣ አጉሊ መነጽር ያዢና ስሙ የተጻፈበትን ጥቁር ፊደል እዪ። ድፍን ጥቁር ከሆነ ደስ ይበልሽ። ፊደሉ ራሱ በጥቃቅን ነጥቦች የተሠራ ከሆነ ከፎቶ የተቀዳ ነው። ጀርባው ላይ ቁጥሩን የያዘች የቤዝቦል ኳስ አለች። ስፌቷ በአንዳንዱ ወደ ቀኝ፣ በአንዳንዱ ወደ ግራ ይዞራል። ሁለቱም እውነተኛ ናቸውና አትደንግጪ።

የካውያው ነገር እንግዲህ። የባለቤትሽ ወንድም ክፉ አላሰበም። እኔም አንዴ እሱን ሆኛለሁ። ዲሲ ፓርኪንግ በምሠራበት ዘመን ከአንድ ጓሮ ሽያጭ ሠላሳ የድሮ ካርድ በ5 ዶላር ገዛሁ። አንዱ ፊቱ ላይ የእርሳስ ጭረት ነበረው። ላጲስ አነሳሁ፣ ጠረግኩት፣ ጭረቱ ጠፋ። በራሴ ኮራሁ። ደረጃ እንዲሰጡት ላክሁት፤ ቁጥር ሳይሰጡት «ተነካክቷል» ብለው መለሱልኝ። የሚያውቅ ሰው ካርዱን ወደ መብራት አዘንብሎ አሳየኝ። ላጲሱ ያለፈበት ቦታ ላይ አንጸባራቂው ተገፏል፣ የአውራ ጣት ያህል የደበዘዘ ክብ ሠርቷል። ከነጭረቱ ብተወው ይሻለኝ ነበር። አሁንም ጠረጴዛዬ ላይ አለ።

ወረቀት ሲታጠፍ ውስጡ ያለው ቃጫ ይሰበራል። ካውያ የተሰበረውን አይቀጥልም፣ ዙሪያውን ግን ያሳሳል። ሙጫውንም በውኃ፣ በስፒሪት፣ በጥፍር እንዳትነኪ። ጠርዙን በመቀስ ማስተካከል ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም። የድሮው ተጫዋች የሆነስ ዋግነር በጣም ከታወቁት ካርዶች አንዱ ፒኤስኤ 8 የሰጠው ነበር፤ ነጋዴው ቢል ማስትሮ ጎኖቹን መቁረጡን በ2013 አመነ። ባለሙያውን ያታለለ መቀስ እንኳ በመጨረሻ ተያዘ።

ታጥፎም፣ ሰርጉዶም ቢሆን እውነተኛ ከሆነ ዋጋ አለው። ከ10 1 ያገኘ ማንትል በአስር ሺዎች ዶላር ሲሸጥ ታይቷል። ሚሊዮኑን እርሺውና ይህን ያዢ።

አሁን ደግሞ ያልጠየቅሽኝን ልናገር። የአዛውንቱ ልጆች ያውቃሉ? የምትሠሪበት ድርጅትስ? ብዙዎቹ ሠራተኛ ከሚረዳው ሰው ስጦታ እንዳይቀበል ይከለክላሉ። አንቺ በቅንነት ተቀብለሻል፣ እሳቸውም በፍቅር ነው የሰጡሽ። ነገር ግን እሳቸው የሰጡሽ የልጅነት መጫወቻቸውን ነው፤ የመኪና ዋጋ እሰጣለሁ ብለው ላያስቡ ይችላሉ። ልጃቸው ነገ ከዜና ላይ ብትሰማው ሌባ ያደርጉሻል። ስለዚህ ለማንም ሳታሳዪ ለቤተሰቡ ደውዪ። ካርዱን ይዘሽ ሂጂ፣ «ይህ ብዙ ብር ሊያወጣ ይችላል» በያቸው። ያኔም ውሰጂው ካሉሽ በወረቀት ጽፈው፣ ቀን አድርገው ይፈርሙልሽ። ለድርጅትሽም አሳውቂ። ካርዱን አንመልስልሽም ቢሉሽ እንኳ አንቺ እንቅልፍሽን ትተኛለሽ። እመልሳለሁ ካልሽም አልስቅብሽም።

እስከዚያው ላስቲኩን ቀስ ብለሽ ፍቺ፤ ካርዱ ላይ ከተጣበቀ ግን አትጎትቺው፣ ቆርጠሽ የተጣበቀውን እዚያው ተዪው። ካርዱን በጠርዙ ይዘሽ ለስላሳ የካርድ ፕላስቲክ ውስጥ ክተቺ፣ ከዚያ ጠንከር ባለው። ላሚኔት እንዳታስደርጊ። ቤዝመንት እርጥበት ስላለው የልብስ ቁምሳጥን ይሻላል። «አሁኑኑ በካሽ» የሚል ሰው ከመጣ ሻይ ጋብዘሽ ሸኚው። ስልሳዎቹን ደግሞ ከ311 በላይ የሆኑ ካሉ ልጅሽ አንድ በአንድ ይይ፤ እነሱም የዚያው የመጨረሻ ዙር ናቸው።

ለክተሽ ጻፊልኝ። የጀርባውንም ፎቶ ላኪ፣ በቀን ብርሃን የተነሣ ይሁን።