ድርብ ቅጥያ ያለው ፋይል በኮድ ሲለይ

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ በሚገኝ ፎቶ ቤት እሠራለሁ። የደንበኞችን ሥራ አሽገን የምናስቀምጥባቸውን ፋይሎች በቅጥያቸው፣ ማለትም ከስማቸው መጨረሻ ከነጥብ ቀጥሎ በሚመጣው የዓይነት መለያ፣ እየለየ ወደየፎልደራቸው የሚያዛውር ትንሽ ፕሮግራም በፓይተን ጽፌያለሁ። ይሁን እንጂ «ሠርግ.ታር.ጂዚ» የተባለውን ፋይል «ሠርግ.ታር» እና «.ጂዚ» ብሎ ይከፍልብኛል። ከመጀመሪያው ነጥብ እንዲቆርጥ ሳደርገው ደግሞ «ሠርግ.12.05.2016.ታር.ጂዚ» ከሚለው ስም ላይ ቀኑንም ጭምር ቅጥያ አድርጎ ይወስደዋል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ሁለቱም ሙከራዎችዎ የከሸፉት ነጥብን የቅጥያ ምልክት አድርገው ስለወሰዱ ነው። ሊኑክስ በፋይል ስም መካከል ያለችውን ነጥብ ከሌላው ፊደል ለይቶ አያያትም፤ ቅጥያ የሚባለው ሰዎችና ፕሮግራሞች የተስማሙበት ልማድ ነው። ስለዚህ የትኛው ነጥብ ቀንን፣ የትኛው ደግሞ የፋይል ዓይነትን እንደሚለይ ለፕሮግራሙ መንገር ያለብዎት እርስዎ ነዎት።

ቅጥያው ድርብ የሆነበት ምክንያት መፍትሔውንም ያመለክታል። ታር ብዙ ፋይሎችን ከነስማቸውና ከነፎልደራቸው አንድ ላይ ይሰበስባል እንጂ መጠናቸውን አይቀንስም፤ እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው ጂዚፕ ደግሞ የተሰጠውን አንድ ፋይል ያሳንሳል እንጂ ውስጡ ስንት ፋይል እንዳለ አያውቅም። ስሙ የሥራውን ቅደም ተከተል ስለሚይዝ ሲከፈት ከኋላ ወደ ፊት ይነበባል። እንግዲህ ስምን ከመጨረሻው ነጥብ ላይ የሚከፍለው «ስፕሊትኤክስት» የተባለው የፓይተን ፈንክሽን «.ጂዚ» ብሎ ሲመልስ የውጨኛውን ሽፋን በትክክል ነግሮዎታል፤ የጎደለው የውስጠኛው ነው።

«ፓዝሊብ» በተባለው የፓይተን ላይብረሪ ውስጥ ያለው «ሰፊክስስ» ቅጥያዎችን ሁሉ ስለሚሰጥ እነርሱን ማጋጠም ብዙዎች የሚመክሩት መንገድ ነው። ለእርስዎ ግን አይሆንም፤ «.12»፣ «.05» እና «.2016» ከ«.ታር» እና ከ«.ጂዚ» ጋር አብረው ይመጣሉና። እኔ የምመርጠው ሁለት አጫጭር ዝርዝሮችን ማዘጋጀት ነው፦ አንደኛው እንደ ጂዚ፣ ቢዚ2 እና ኤክስዚ ያሉትን የማሳነሻ ቅጥያዎች፣ ሁለተኛው እንደ ታር፣ ሲኤስቪ እና ኤስኪውኤል ያሉትን የውስጥ ዓይነቶች ይይዛል። ፕሮግራሙ መጀመሪያ የመጨረሻውን ቅጥያ ይለይ፤ ቅጥያው ከአንደኛው ዝርዝር ውስጥ ከተገኘ ብቻ በቀሪው ስም ላይ «ስፕሊትኤክስት»ን ደግሞ ይጥራ፤ ያገኘው በሁለተኛው ዝርዝር ውስጥ ካለ ሁለቱን ያጋጥም፣ ከሌለ የመጨረሻውን ብቻ ይያዝ። በዚህ መንገድ የጠቀሱት ፋይል «.ታር.ጂዚ» የሚል ቅጥያ ሲኖረው «ሠርግ.12.05.2016.ጂዚ» የሚባል ቢመጣ ግን «.ጂዚ» ብቻ ይኖረዋል፤ 2016 በዝርዝሩ ውስጥ የለምና። ንጽጽሩን ሁሉንም ወደ ትንንሽ ፊደል ቀይረው ያድርጉ፤ አለበለዚያ በትልልቅ ፊደል የተጻፈ ቅጥያ ያመልጥዎታል። «ቲጂዚ» የሚለውም የ«ታር.ጂዚ» አጭር አጻጻፍ ስለሆነ ለሁለቱ አንድ ፎልደር ይስጧቸው።

ደንበኞች በፍላሽ የሚያመጡት ፋይል የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2000 ዓለምን ያዳረሰው «አይ ላቭ ዩ» የተባለው ቫይረስ የመጣው በ«.ቲኤክስቲ.ቪቢኤስ» በሚያልቅ ስም ነበር፤ ዊንዶውስ የመጨረሻውን ቅጥያ ስለሚደብቅ ብዙ ሰው ተራ ጽሑፍ መስሎት ከፈተው። በመሆኑም አንድን ፋይል በውስጠኛው ቅጥያ ብቻ ተመርተው በፍጹም አይመኑት። ጂዚፕ ነኝ የሚለውን ፋይል ከማዛወርዎ በፊት የመጀመሪያዎቹን ሁለት ባይቶች ያንብቡ፤ እውነተኛ ከሆነ 31 እና 139 የሚሉትን ቁጥሮች ያገኛሉ።

ለወደፊቱ ቀኑን በነጥብ ፈንታ በሰረዝ፣ ያውም ዓመቱን አስቀድመው፣ «ሠርግ-2016-05-12.ታር.ጂዚ» ብለው ቢጽፉ ነጥቦቹ ለቅጥያ ብቻ ይቀራሉ፤ ሠርግ በሚበዛበት በጥር ወርም ፋይሎቹ በስም ሲደረደሩ የቀናቸውን ቅደም ተከተል ይይዛሉ።